ለአስናቀው ያልተነገረው

አስናቀው ኮሮና ይዞት ከወቅን ወደ ጎንደር የወረደው በ2013 የካቲት ላይ ነበር። ታናሽ እህቱ ሸዋአየሁ ፀዳ ሰፈር ካለው ቤቷ አስተኝታ ስታስታምመው ትንፋሽ አጠረውና ሆስፒታል አስገባችው። ኦክስጅን ተደረገለት፤ ሳንባውም በሲቲ ስካን ታየ።

እየተሻለው ሲመጣ ሸዋአየሁ ዶክተር አምሐን ከክፍሉ በር ላይ አገኘችው።

«ስካኑ ምን አለ፣ ዶክተር?»

«ኮሮናው እየለቀቀው ነው። ግን ያልጠበቅነው ነገርም ታይቷል። ቀኝ ሳንባው ላይ ሽንብራ የምታክል እባጭ አለች።»

«ነቀርሳ ነው?»

«አሁን ማወቅ አይቻልም። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፤ አንዳንዶቹ ግን ያድጋሉ። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መታየት አለበት። አሁን ገብቼ ልነግረው ነው።»

ሸዋአየሁ በሩ ላይ ቆመችበት። እናታቸው ነቀርሳ አለብዎ ከተባሉ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እህል ውሃ እምቢ ብለው፣ ፋሲካን ሳያዩ ነው የሞቱት።

«እኔው በዘዴ እነግረዋለሁ። በሞቴ፣ ዶክተር!»

አምሐ ደስ አላለውም። ነርሷ ግን ከወዲያኛው ክፍል ትጠራው ነበር። «እንዳይረሱ። ነሐሴ ላይ ይዘውት ይምጡ» ብሏት ሄደ።

መናኸሪያ ስትሸኘው አስናቀው ከሹፌሩም ከተሳፋሪውም ጋር ይሳሳቅ ነበር።

«አያ፣ ነሐሴ ላይ ለምርመራ ትመለሳለህ፤ እሺ?»

«ምነው? ድነሃል አላሉኝም እንዴ?»

«ድነሃል። እንዲያው ለማየት ያህል ነው።»

«ለማየት ያህል ከሆነማ በአረም ሰዓት እርሻዬን ጥዬ አልመጣም» አለና ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ክረምቱን ሙሉ ትደውልለት ነበር። ገብሱ ሸጋ መሆኑን፣ ልጁ ፀደይ መታጨቷን ይነግራታል። ዛሬስ እነግረዋለሁ ብላ ትጀምርና ሳቁን ስትሰማ ወሬ ትቀይራለች።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወቅን አቅራቢያ፣ ዳባት ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ አጨዳ ደረሰ፤ ከአጨዳው በኋላ የፀደይ ሠርግ። አስናቀው ጎንደር የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ኮቱ ሰፍቶት፣ መሐረቡ ላይ ደም እየተፋ።

ዶክተር አምሐ እንደገና በስካን አየውና ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረገ።

«አምና ሽንብራ ታክል የነበረችው ይኸው እንቁላል አክላለች። ነቀርሳ ነው፤ ጉበትዎም ላይ ደርሷል።»

«አምና?» አለ አስናቀው።

ዶክተሩ ወደ ሸዋአየሁ ዞረ። እሷ አቀረቀረች።

ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አያ። እንደ እማዬ እንዳትሆንብኝ ብዬ ነው።»

ሳል ያዘው፤ እስኪያልፍለት ጠበቀ።

«እማዬ አርጅታ ነበር። እኔ ግን ብትነግሪኝ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር። መንገዱ ቢዘጋ በገደሉ እወርድ ነበር።»

«ይቅር በለኝ» አለች እግሩ ላይ ወድቃ።

«ተነሽ በይ፤ ሰው ያየናል።»

አዲስ አበባ ሄዶ መድኃኒት እንዲጀምር ቢነገረውም አልሄደም። የቀረችውን ዕድሜ ወቅን አሳለፋት። ሸዋአየሁ ቤቷን ትታ ከአልጋው አጠገብ ከረመች። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች። አልተቆጣትም፤ ግን የሚያመውን ለፀደይ እንጂ ለእሷ ነግሯት አያውቅም። «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ስትለው «ደህና ነኝ» ይላታል።

ሰኔ ሲገባ ሞተ። ከቀብር መልስ ሴቶቹ ከበቧት። «እንዳንቺ ያለ አስታማሚ እህት የት ይገኛል» አሏት እየተቀባበሉ። ሸዋአየሁ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።