እትዬ አስካለ ማርያም ያልተሳደቡበት መጽሐፍ

ገሊላ በዘመሮ ከተማ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አያቷ ዘንድ እየመጣች መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። እትዬ አስካለ ማርያም ፊደል አልቆጠሩም፤ ፍርድ ግን አያጡም። የበግ ጠጉራቸውን እየፈተሉ ያዳምጡና ያልጣማቸው ቦታ ሲደርስ እንዝርቱን አቁመው ደራሲውን ያዋርዱታል።

ያን ሰሞን የመጣው ሁለት መጽሐፍ ነው። አንደኛው ስለ ሩቅ ኮከብ ነው። አንዲት ሴት በመንኮራኩር ሄዳ እዚያው ትቀራለች፤ ለእናቷ የላከችው ድምፅ ምድር የሚደርሰው በአርባ ዓመቱ ነው።

“ይኼ ልክ ነው” አሉ እትዬ አስካለ።

ገሊላ ሳቀች። “እማማ፣ ፈጠራ እኮ ነው! የሳይንስ ልብ ወለድ ነው የሚባለው።”

“ፈጠራ ሆነ አልሆነ ምን ቸገረኝ? ሰው እንዲህ ይዘገያል። ሴትዮዋን ግን አልወደድኳትም። እናቷ አጠገብ ሳለች አፏን ምን ያዘው?”

ሁለተኛው ራስን ስለ ማሻሻል ነው። ሽፋኑ ላይ ደራሲው ከረባት አስሮ ጥርሱን ያሳያል። ገሊላ አነበበች፦ “‘ሕግህን የማያከብር ሰው፣ ሥጋ ዘመድህም ቢሆን፣ ከሕይወትህ ቁረጠው። ያን ጊዜ ከፍ ትላለህ።’”

እንዝርቱ ቆመ። ገሊላ ስድቡን ጠበቀች፤ አልመጣም።

“ይኼንንስ ሳልማር ሠርቼዋለሁ” አሉ እትዬ አስካለ። “ከፍ ብዬ እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ።”

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። ጓሳ፣ የአገሩ የጋራ ሣር ሜዳ፣ ተዘግቶ ነበር፤ ሣር አጭዶ የተገኘ ይቀጣል። ታላቅ እህታቸው ጌታነሽ ተደብቃ አጨደችና ቤቷን ከደነች። አስካለ፣ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ሄደው ለጠባቂዎቹ ተናገሩ። አዲሱ ክዳን ወርዶ ደጇ ላይ ተቃጠለ። ጌታነሽ ሕፃኗን አዝላ መርሐቤቴ ወረደች፤ በዚያው ቀረች። አስካለም “ሌባ እህት የለኝም” እንዳሉ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸውን የሚነግሩት ሰው ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ።

“አምና ከመርሐቤቴ ለልቅሶ የመጡት ሰዎች የጌታነሽን ቁጥር ሰጥተውሽ የለም? ደውዪ።”

ገሊላ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

“ማነው?” አለ የደከመ ድምፅ።

“እታለም፣ እኔ ነኝ። አስካለ።”

ወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ተሰማ።

“አስካለ? አለሽ እንዴ?”

“ይቅር በይኝ” ሊሉ ነበር፤ ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሷል። የወጣው ግን ሌላ ነው። “ሣሩን ማጨድ አልነበረብሽም።”

ገሊላ ዓይኗን ጨፈነች።

“አልነበረብኝም” አሉ ጌታነሽ። “ዝናቡ ሕፃኗ ላይ ይወርድ ነበር፤ ምን ላርግ? ይኼን ልትነግሪኝ ነው የደወልሽው?”

ስልኩ ከወዲያ ተዘጋ።

“እንደገና ደውዪ።”

“እማማ፣ ትንሽ ብንቆይ…”

“ደውዪ አልኩሽ! ጣራው ሕፃኗ ላይ እንደሚያፈስ አስካለ አላወቀችም ነበር በያት።” ትንፋሽ ወሰዱ። “ቆይ፣ አትበያት። ውሸት ነው። አውቅ ነበር።”

ገሊላ ደወለች።

“ይጠራል?”

“ይጠራል። አያነሱም።”

“አትዝጊው” አሉ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን እየተቀበሉ። “ይጥራ።”