የሲኩ ጾም

ታላቅ ወንድሜን ይልማን በገዛ መቋሚያው የፊት ጥርሱን ያረገፍኩት እኔ አይዳ ነኝ። ሰው በሹክሹክታ ከሚያወራው እኔው ራሴ ልናገረው። ማኅሌት የሚቆምበትን በትር አንስቼ አፉን አልኩት፤ ነገም ያ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ እለዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በሲኩ ነው። ሲኩ የታናሽ ወንድሜ የዮናስ የእንጀራ ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ዶሪን ከአላስካ ጫፍ፣ ባሕሩ ራሱ በረዶ ከሚሆንበት አገር የመጣች፣ ኢኑፒያት የሚባል ሕዝብ ተወላጅ ናት። ወላጅ አባቷም የዚያው አገር ሰው ነበር፣ ሲኩ ሳትወለድ ሞተ። ዮናስ ዶሪንን ሲያገባ ልጅቷ ገና ትድህ ነበር፤ "ዳዲ" የምትለው እሱን ነው። ክብ ፊት ያላት፣ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ጉንጯን ካልነከስኩ የምታሰኝ ልጅ ናት።

የቤተሰባችን አለቃ ግን ጋሼ ይልማ ነው። አባታችን ሲሞት እኔንና ዮናስን ያሳደገን እሱ ነው፣ ያሳደገንም በቀበቶ ነው። እስካሁን ሜፕልዉድ ከተማ ያለው አፓርትመንቱ ስንገባ ጫማችንን የምናወልቀው ኮሽታ ሳናሰማ ነው። ልጅቷ ክርስትና ካልተነሳች ብሎ ዓመት ሙሉ ነዘነዘን። ዶሪን ነገሩ ባይገባትም "ደስ ካላችሁ ይሁን" አለች። እሑድ ጠዋት ተጠምቃ ልትቆርብ ተወሰነ። የሚቆርብ ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ እህል ሳይቀምስ እንደሚያድር ግን ለዶሪን የነገራት የለም።

ዶሪን ደግሞ ልጇን ስታበላ ለጉድ ነው። ከመኝታ በፊት ታበላታለች፣ ከእንቅልፏ ቀስቅሳ ታበላታለች፣ ከቦርሳዋ ጁስ አይጠፋም። ልጅቷን እኔ በምይዝበት ቀን ሁሉ "ካመማት ወይ ምግብ እምቢ ካለች ቁጭ ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ ኢመርጀንሲ ውሰጃት፤ የሷ ሰውነት ባዶ ሆድ አይችልም" ትለኛለች። ጋሼ ይሄን ሲያይ ይስቃል። "ልጅቷን እንደ ሙክት እያደለበቻት ነው" ይላል። እኔ ባዶ ሆድ እንደማትችል ዮናስ ነግሮታል፣ ገብቶት ነው የሚቀልደው ብዬ ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ዕለት ዶሪን ዉድበሪ ከምትሠራበት የሆስፒታል ላውንድሪ ድርብ ሺፍት ነበራት፣ አድራ እሑድ ጠዋት ከዚያው ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትመጣ። ዮናስም ትራክ ይዞ ሊወጣ ስለነበር ሲኩን ከነምግቧ ጋሼ ቤት አደረሳት።

እሑድ ጠዋት ነጭ ቀሚሷን ይዤ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ብርዱ ፊት ይልጣል። በሩን የከፈተችልኝ የጋሼ ሚስት ገነት ናት፣ ፊቷ አመድ መስሏል። "አይዱዬ፣ ልጅቷ አልነቃ አለች" አለችኝ።

ሳሎን ገባሁ። ሲኩ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። ፒጃማዋ በጸበል ርሷል፣ ዓይኗ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል፣ ጥርሷን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። ጋሼ በላይዋ ቆሞ ዳዊት እየደገመ ውስጥ እግሯን በመቋሚያው ይመታል። "ልቀቃት" ይላል። "ለቀህ ውጣ።" እግሯ ቀልቶ አብጧል።

"ምን በላች?" አልኳት ገነትን።

"ትናንት ትኩሳት ነበራት፣ ምሳ እንኳ አልነካችም። ማታ ወተት ልሰጣት ስል ትቆርባለች ብሎ ደፋው። እናቷ የላከችውንም ጣለው።"

ወደ ኪችን ሮጬ ማር አነሳሁ። ጋሼ ከኋላዬ ደረሰና ነጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው፣ ጠርሙሱ ተበተነ።

"አፏ ውስጥ ምንም አይገባም" አለኝ። "ያደረባት ነገር ነው የሚጥላት። ቅዱስ ቁርባኑን ፈርቶ ነው።"

"ጋሼ፣ ልጅቷ እየሞተች ነው። ምግብ ነው ያጣችው።"

"ይሄን ሁሉ ስብ ተሸክማ አንድ ማታ ባትበላ ነው የምትሞተው? ሂጂ ወዲያ፣ እብድ።"

አልፌው ልሄድ ስል በጥፊ አጮለኝ። መቋሚያውን ጥሎ ጸጉሬን ጠመዘዘና ግንባሬን ከፍሪጁ ጋር አጋጨው። ደገመው። ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። እጁን በአፌ አገኘሁትና ነከስኩት፣ አጥንቱ እስኪሰማኝ ድረስ ነከስኩት። ሲለቀኝ በጉልበቱ ሆዴን አለኝ፣ ማሩና ብርጭቆው ላይ ወደቅኩ። መቋሚያው እዚያው እጄ ስር ነበር። ተነስቼ በናሱ ራስ አፉን መታሁት። ጥርስ ሲሰበር ይሰማል። ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ። ሊነሳ ሲል ጉልበቱን ደገምኩት፣ ያኔ ቀረ።

ገነት የስኳር ዕቃውን አቅፋ ቆማለች። ለካ ከመጀመሪያው አንስቶ በእጇ ይዛው ነበር። ተቀብያት ሲኩን በጎኗ አስተኛኋትና ጣቴን በውሃ እያረጠብኩ፣ ስኳር እየነካሁ ድዷን አሸሁላት። የኔ ደም ጉንጯ ላይ ይንጠባጠባል። "እባክሽ፣ እናቴ፣ እባክሽ" እላታለሁ። ገላዋ በላብ ቀዝቅዟል። ገነት 911 ደወለች።

የአምቡላንስ ሰዎች ጣቷን ወግተው ስኳሯን ሲለኩ አንደኛው ሌላውን ቀና ብሎ አየው። ክንዷ ላይ መርፌ ሰክተው ስኳር ለቀቁባት። አብሯቸው የገባው ፖሊስ ደም የሚተፋ ሽማግሌ መሬት ላይ፣ በትር አጠገቧ የጣለች ሴት ደግሞ ልጅ ላይ ተደፍታ ሲያይ እኔን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ በካቴና አሰረኝ። ገነት ባሏ ፊት ቀና ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ "መጀመሪያ የመታት እሱ ነው። ሕፃኗንም መትቷታል" አለች። ካቴናው ተፈታልኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶሪን ተደውሎላት ቀድማን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዮናስ ትራኩን መንገድ ላይ ጥሎ መጣ። ሲኩ ዓይኗን ገልጣ "ማሚ፣ ጁስ" ስትል የሰማሁት ያኔ ነው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሼም እዚያው ታከመ። አፉ በጥጥ ተጠቅጥቆ፣ ጉልበቱ ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ፖሊሱ ቃላችንን ተቀብሎ ወጥቷል።

የሲኩ ሐኪም ወጣችና አስረዳችን። "ስቡ አለ፣ ጎተራው ሙሉ ነው። በሩ ግን ጠባብ ነው" አለች። "ስብን ወደ ኃይል የሚለውጠው ሥራ በሷ ሰውነት ውስጥ ቀርፋፋ ነው። ከእናቷም ከአባቷም የወረሰችው ጂን ነው፣ በዚያ በሰሜን ብዙ ሰው አለው። አያቶቻቸው የባሕር አውሬ ስብ እየበሉ ሲኖሩ ሳይጠቅማቸው አልቀረም ይባላል። ትልቅ ሰው ብዙም አይጎዳውም። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሳይበላ ካደረ ግን ስኳሩ ያልቃል፣ የሚተካው ነገር የለም።" ከዚያ ዮናስን አየችው። "ባለፈው ስትመጡ ይህንኑ ለሁለታችሁም ነግሬያችኋለሁ" አለችው፤ ይህን ብላ ሄደች።

ጋሼ በጥጡ ውስጥ በአማርኛ አጉረመረመ። "ጠይቄዋለሁ እኮ። ሲያመጣት፣ ትጾማለች አይደል፣ ምንም አትሆንም አይደል ብዬዋለሁ። እሺ ጋሼ ነው ያለኝ።"

ዶሪን ሁላችንንም በየተራ አየችን። "ምንድነው ያለው?" አለችኝ። ዮናስ በዓይኑ ለመነኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

ዶሪን አጭር ናት፣ ክንዷ ግን እርጥብ አንሶላ ሲያነሳ የሚውል ክንድ ነው። የዮናስን አፍንጫ በቡጢ አለችው። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። "ታውቅ ነበር" አለችውና ደገመችው። "አጠገቤ ተቀምጠህ ሰምተሃል፣ ታውቅ ነበር።" ዮናስ እጁን እንኳ አላነሳም። "ጋሼን እምቢ ብዬው አላውቅም" አለ፣ በአማርኛ፣ ለሷ። እሱንም ተረጎምኩላት። ሦስተኛውን ስትሰነዝር እኔም ልጨምርለት ተነስቼ ነበር።

የቀደመኝ ጋሼ ነው። እያነከሰ መጣና በመካከላቸው ሊገባ እጁን አነሳ።

ዮናስ ያን እጅ አየው። ትራክ የሚነዳ፣ ጺሙ ሽበት የጀመረው ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ራሱን በሁለት ክንዱ ሸፈነ። "በቃኝ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም" አለ። "ሁለተኛ አይለምደኝም።" የሚያልፉት ነርሶች ቆሙ።

የጋሼ እጅ እንደተነሳ ቀረ። ወደ እኔ ዞረ። "ልመታው አይደለም እኮ" አለኝ። "ልገላግለው ነው።"

"እሱ ይሄን በምን ይወቅ?" አልኩት።

ዶሪን ምን ተባለ ብላ አልጠየቀችም። ወደ ልጇ ገባችና በሩን ዘጋችው።