የሆዶ ቀንድ

ቀለምወርቅ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ባይደፈን ኖሮ፣ ይሄ ሁሉ ነገር ባልመጣ።

የልጅ ልጇ መልአክ ከመዋለ ሕፃናት ስትመለስ፣ ከማዕተቧ ጎን በጨርቅ የታሰረች ትንሽ ቋጠሮ አንጠልጥላ ገባች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ኢዶ ሆዶ ናት ያሰረችልን። ከፈታችሁት ኃይሉ ይወጣል ብላናለች።» ኢዶ አክስት ማለት ነው፤ የጅጅጋ ልጆች አስተማሪያቸውን እንዲያ ነው የሚጠሯት።

ቀለምወርቅ አማተበች። የምን ኃይል? ክታብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! የልጅቷ እናት ደወሌ ጉምሩክ ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ «እማዬ፣ አደራ» ብላ ነው የሰጠቻት። ቋጠሮዋን በእጇ ላለመንካት በማማሰያ አንስታ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ሆዶ ሽንሌ ጤና ጣቢያ አገልግላ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት ይላሉ። ነርስ ከሆነች ክታብ ምን ቤቷ ነው?

በማግስቱ ልጅቷን ሸኝታ የሄደች መስላ፣ በጓሮ ዞራ በክፍሉ መስኮት አጮለቀች። መልአክ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። ልጆቹ ከበዋታል። ሆዶ ቀንድ ይዛ ጎንበስ ብላባታለች።

«በስመ አብ! ልጄን ልቀቂ!» በሩን በርግዳ ገባች።

መልአክ ቀና ብላ፣ «አያቴ፣ ታምሜ እኮ ነው!» አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ዋገምት ነው፣ ወላሂ» አለች ሆዶ ቀንዱን ዘርግታ። «ሐኪም ቤት ሳይኖር እናቶቻችን በሽተኛ እንዴት ያስታምሙ እንደነበር እያሳየኋቸው ነው። ምላጭም የለኝ፤ ለጨዋታ ነው።»

«ይሄስ? ይሄም ጨዋታ ነው?» ይዛው የመጣችውን ፌስታል ወረወረችላት።

ሆዶ ቋጠሮዋን ፈታች። ጥቁር አዝሙድ! «ሽታው እንዳይጠፋ ነው አትፍቱት ያልኩት። አንቺስ ቤት የለም?»

«አለ» አለች ቀለምወርቅ ሳትወድ። እናቷም በልጅነቷ ጉንፋን ሲይዛት እንዲሁ ቋጥራ ታስሸትታት ነበር። ግን አልተበገረችም። «የሰው ልጅ አንገት ላይ ቤተሰብ ሳይጠየቅ ይታሰራል?»

ሆዶ ቋጠሮዋን መልሳ አሰረቻት። «እሱስ ጥፋቴ ነው። ልጅሽን ከትምህርት ታስቀሪያታለሽ እንግዲህ?»

መልአክ ምንጣፉን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። ይዛት ብትሄድ ለቅሶው አይቻልም፤ ትታት ብትሄድ ደግሞ አደራው አለ።

«ተነሽ» አለቻት።

«አያቴ፣ በማርያም!»

«ተነሽ አልኩሽ። በሽተኛዋ እኔ ነኝ።» ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች። «በይ ሆዶ፣ መጀመሪያ እኔ ላይ አሳዪያቸው። እኔ ካልተነሳሁ ልጄም አትተኛም።»

ሳማታር የሚባለው ድንክዬ ግንባሯን ዳስሶ፣ «ኢዶ፣ ይቺ ትሞታለች?» አለ።

«ሟርትህን ለራስህ!» አለች በሽተኛዋ።

መልአክ ቋጠሮዋን አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። አስነጠሳት። «ይማርሽ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ቀንዱ ሲቀርብ ቀለምወርቅ ማዕተቧን ጨበጠች፤ ዓይኗን ግን አልጨፈነችም።