በአፈሙዙ ላይ የተበየደው ቆብ

ካሣዬ ምንሽር ጠመንጃውን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስሮ የብረት መጋዙን፣ ሴጌቶውን፣ ሊያሳርፍበት ሲል ዕንባቆም እጁን ጣልቃ አስገባ።

"ይቆዩኝ እስቲ፣ ጋሽ ካሣዬ። ጨርቅ እንጣልበት፤ ሞርሳው የጠመንጃውን ብረት እንዳይነክሰው።"

"መምህር፣ እኔ ሞርሳ ስይዝ አንተ ገና ኮልታፋ ነበርክ" አለ ካሣዬ። ቢሆንም ሞርሳውን አላልቶ ጨርቅ ጣለበት። አርባ ዓመት ብረት የቆረጠ ሰው ስለ ብረት ምክር ሲሰጡት ደስ አይለውም።

ዕንባቆም በጎንደር ከተማ ቴክኒክ ኮሌጅ ብየዳ ያስተምራል። ይህን ሥራ በራሱ ወርክሾፕ በግማሽ ሰዓት ሊጨርሰው ይችል ነበር። ግን ተማሪዎቹ ያያሉ። ለዚህ ነው ጠመንጃውን ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር በጋቢ ጠቅልሎ፣ ተማሪዎቹ ወደማይደርሱበት፣ አራዳ ወዳለው የካሣዬ ብረት ቤት ያመጣው።

አባቱ አያ ሰጠኝ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ባለችው መንደራቸው ከሞቱ ወር አልፏል። ቅዳሜ አርባቸው ነው። በአገሩ ደንብ በዚያ ቀን የሟችን ጠመንጃ ልጁ ይዞ በሰው ፊት ይቆማል፤ አጎቱ የሻውም በስልክ "ወልውለህ፣ አሳምረህ ይዘህ ና" ብሎታል። መወልወሉስ ቀላል ነበር። ያስቸገረው አፈሙዙ ላይ የተበየደው ጉርድ ቀንድ የመሰለ፣ ጥይት በመሃሉ የሚያልፍበት የብረት ቆብ ነው።

ቆቡን የበየደው ራሱ ዕንባቆም ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የሁለተኛ ዓመት የብየዳ ተማሪ ነበር። በወታደሮች ጠመንጃ ላይ ያየውን ነገር ለአባቱም ምንሽር ሊያደርግለት አማረው። አባቱም እንደ ትልቅ ስጦታ ተቀበሉት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳዩ። አሁን ብየዳውን ሲያየው እጁ ላይ ደርቆ የቀረ ጭቃ ይመስለዋል። እንዲህ የበየደ ተማሪ ቢመጣለት ያለ ጥርጥር ይጥለዋል። ያገሩ ሰው ፊት ይህን ይዞ ከመቆም መሬት ብትውጠው ይመርጣል።

"ይህን የበየደው እጁን መመታት ነበረበት" አለ ካሣዬ ጠመንጃውን ወደ ብርሃኑ እያዞረ።

"ማን እንደበየደው አላውቅም" አለ ዕንባቆም።

ካሣዬ አውራ ጣቱን በብየዳው ጥግ ላይ አሳለፈ።

"ይህን ጠመንጃ አውቀዋለሁ። ይቺን ጭረት አየሃት? የእኔ ሴጌቶ ናት። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አምጥተው ሦስት ጊዜ አስቁመውኛል። አያ ሰጠኝ የሚባሉ፣ የትክል ድንጋይ ሰው። ምንህ ናቸው?"

"አባቴ ነበር።"

"ነበር? እኔን! ነፍስ ይማር። አልሰማሁም።"

"እዚህ መጥቶ ነበር? ጎንደር?"

"ሦስት ጊዜ አልኩህ እኮ። የመጨረሻው አምና ከፋሲካ በኋላ ነው።"

ዕንባቆም ከሚኖርበት ከፀዳ እስከ አራዳ አንድ ታክሲ ነው። ፀዳ ያለው ቤቱ ሁለት ክፍል አለው፤ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ሁለተኛው የሚከፈተው አቧራው ሊጠረግ ብቻ ነው። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው ሰው ያለ እንዲመስለው ነው። አባቱ እዚህ ድረስ መጥተው፣ እዚያ ክፍል አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድሩ፣ ሳይደውሉ ተመልሰዋል። በመጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር።

"ምነው ለእኔ ሳይነግረኝ?"

"ምን ብለው ይንገሩህ!" አለ ካሣዬ። ሴጌቶውን አስቀምጦ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ጥይቱ ያገድማል፣ ከዒላማው ወደ ቀኝ ይሄዳል ብለው ነው ያመጡት። ቆቡ ጠማማ እንደሆነ ሳየው ገባኝ። 'እንቁረጠው' አልኳቸው። 'ሸጋ፣ ቁረጠው' አሉኝ። ገና የሴጌቶው ጥርስ ሲነካው 'ተው፣ ተው' አሉ። 'ምነው?' ብላቸው፣ 'ልጄ የሠራልኝ ነው፤ ለበዓል ሲመጣ ቢያጣው ቅር ይለዋል' አሉኝ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ተናድጄባቸው ነበር።"

ዕንባቆም ለበዓል አገሩ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየዓመቱ በስልክ "ለጥምቀት እመጣለሁ" ይላል፤ አባቱም በየዓመቱ "እሺ፣ በሰላም ና" ይሉ ነበር። ንዴቱ ወዲያው ጠፋ፤ በቦታው የመጣው ከንዴት የባሰ ነበር።

ጎንበስ ብሎ በቆቡ አፍ ውስጥ ተመለከተ። በአንዱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ቦይ ተቆፍሯል፤ ጥይት እየላሰው ሲያልፍ የኖረ ቦይ። ለማስተማሪያ ቢያቀርቡለት ምክንያቱን ለተማሪዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራቸው ነበር። ቆቡ ከተበየደበት ቀን ጀምሮ አባቱ የተኮሷት እያንዳንዷ ጥይት እዚህ ጋ ተነክታ ነው የሳተችው።

"ዓይኔ ደከመ ብሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "መነጽር እንኳ ገዝቼ ልኬለታለሁ።"

"መነጽሩንማ ከነማህደሩ ከኪሳቸው ሲያወጡት አይቻለሁ። 'ልጄ ነው የላከልኝ' እያሉ ለእኔም ለደንበኛውም ሲያሳዩ ነበር። እንጂ ለምን ይሆናቸዋል? እዚያ ማዶ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ከበሩ ላይ ቆመው 'ዛሬ ሚካኤል ነው' ብለው አንብበውልኛል። መነጽሩ በእጃቸው ነበር።"

ዕንባቆም የቀን መቁጠሪያውን አየው። እሱ ራሱ ካለበት ሆኖ ቁጥሩን አልለየውም።

አያ ሰጠኝ በአካባቢው ስማቸው የተጠራ ተኳሽ ነበሩ። በበዓል ቀን ዒላማ ሲተከል መጀመሪያ እሳቸው ይጠበቁ ነበር። ኋላ ግን ጥይታቸው መሳት ጀመረ፣ ጎረምሶች ሳቁ፣ እሳቸውም "ዓይኔ ነው" ብለው ከዒላማው ቀሩ። በቀብሩ ዕለት እንኳ አንድ ጎረቤት "ሰጠኝ ዓይኑ ባይከዳው ኖሮ!" ብሎ ሲያዝን፣ ዕንባቆም አጠገቡ ቆሞ "አዎ፣ መነጽር ልኬለት ነበር" ብሏል። እንዲያውም በኩራት ነበር ያለው። አሁን ያንን ሲያስታውስ ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

"እንግዲህ" አለ ካሣዬ ተነሥቶ ሴጌቶውን እያነሳ፣ "እሳቸው አልፈዋል፤ ጠመንጃው ያንተ ነው። ልቁረጠው?"

ቢቆረጥ ጠመንጃው ያምራል፤ ዕንባቆምም ቅዳሜ ሳያፍር ይቆማል። አባቱ ግን ዓይኑ የከዳው ሰው እንደተባሉ ይቀራሉ። ምስክር የሚሆነው ብረት እዚህ ወለል ላይ ፍቅፋቂ ሆኖ ይጠረጋል።

"አይቆረጥ።"

"ይህን ተሸክመህ ልትቆም? መምህር ሆነህ? ያገሩ ሰው ይሥቅብሃል!"

"ይሣቅብኝ። በአባቴ ሲሣቅ ኖሯል።"

ካሣዬ ሞርሳውን አላልቶ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አስረከበው። ዕንባቆም ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ስልኩን አወጣና ወደ አጎቱ ደወለ። ጥሪው ብዙ ጊዜ ጮኸ።

"ሃሎ! ዕንባቆም! ወለወልከው?" የየሻው ድምፅ ከሩቅ እየጮኸ መጣ።

"ወልውየዋለሁ። ቆቡ ግን እንዳለ ነው።"

"ምነው? ይቆረጣል ብለህ አልነበር?"

"አያ የሻው፣ ቅዳሜ ሰው ለምሳ ሳይቀመጥ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ጊዜ ያዝልኝ።"

"ምን ልትል ነው?"

"የአባቴ ዓይን ደህና ነበር እላለሁ። ጠመንጃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያላመነ ቀርቦ ይየው።"