የዳኛው ኪስ
የዳኛ ኪስ ፊሽካና ካርድ ይይዛል፤ የኛ ሰው ኪስ ግን በከረሜላ ይንኮሻኮሽ ነበር። ተጫዋቾቹ «ፊሽካ» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ፊሽካ የስኳር ሕመም አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እሁድ፣ ጨዋታ መሀል ስኳሩ ወረደና ተዝለፍልፎ ወደቀ። እሱ ስንት ጊዜ ቢጫ ካርድ ያሳየው የአንዱ ቡድን አምበል ነው ተሸክሞ ከሜዳ ያወጣው። በእፍረት ተሸማቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ልጅ ቀና ብሎ አላየውም። ዳግመኛ እንዳይወድቅ ብሎ በጨዋታ ቀን መርፌውን እየዘለለ ከረሜላ መቆርጠም ጀመረ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው! ስኳሩ ሰማይ ነካ፤ ከእረፍት በኋላ ኳሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ። በዳኞች የሩጫ ፈተናም ወደቀ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረው፤ እሷን ካጣ የሃያ ዓመት ፊሽካውን መስቀሉ ነው።

ታላቅ እህቱ ነርስ ናት፤ ምላሷ ምሕረት አያውቅም። ከረሜላውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችና ሦስቱን ለክፉ ቀን መልሳ ኪሱ ከተተች። ከዚያ ጣቱን ወግታ ለካችው፤ ሦስት መቶ አሥር።

«ደምህ ስኳር ሞልቶት ጡንቻህ ይራባል» አለችው። «የጡንቻህን በር የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው። አንተ ቁልፉን ቤት ጥለህ ደጃፍ ላይ እህል ትቆልላለህ።»

«ብወድቅስ፣ እትዬ?»

«እየለካህ ነው የምትሮጠው። ፍርሃት ቁጥር አያውቅም።»

ሐኪሙ ለሩጫ ቀን የሚሆነውን የመርፌ መጠን ወሰነለት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እህቱ ሜዳው ዳር እየተቀመጠች ከሩጫ በፊት፣ መሀል ላይና በኋላ ለካችው። ስኳሩ ልክ ሲሆን ጡንቻው ከስኳር ሌላ ስብም እያቃጠለ ሳይዝል እንደሚቆይ ነገረችው። እሱ አላመናትም፤ እግሮቹ ግን አመኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትለው፣ እንቁላል ስኳር የለበትማ እያለ ያሾፍባታል።

የፈተናው ቀን የመጀመሪያውን ግማሽ ሮጦ ሲቆም ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ያ የፈራው ነገር መጣ፣ ስኳሩ ወረደ መሰለው። እጁ ወደ ከረሜላው ሄደ፤ መለሰውና ፈታኙ እያየ ጣቱን ወጋ። መቶ ሃያ አንድ።

አልወረደም፣ አልወጣምም። እንዲሁ ደክሞት ነው፤ እንደማንኛውም የአርባ አምስት ዓመት ሰው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ተራ ድካም ሲሰማው የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለው። ሁለተኛውን ግማሽም ሮጠ፤ አለፈ።

በሚቀጥለው እሁድ፣ በእረፍት ሰዓት ሁሉም እያየው ተለካ። አምበሉ ጠጋ አለ።

«ዛሬስ ስንት ነው፣ ጋሼ?»

«መቶ ሠላሳ።»

«በል እንግዲህ ስኳርህ ከተስተካከለ ፍርድህንም አስተካክላ!»

ፊሽካ ቀና ብሎ አየውና ሳቀ። ያን ቀን ስለተሸከምከኝ አመሰግናለሁ አለው፤ ይህችን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ አንዱን አጥቂ ከኋላ ጠለፈ፤ ዳኛ ሩቅ ነው ብሎ። ዞር ሲል ፊሽካ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ ቢጫ ካርዱን እያወጣ ነበር።