የጂሙ ሦስት ደረጃ

የስፖርት ማሠሪያ ጂሜ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለው። ሙስዐብ በዊልቸር እስኪመጣ ድረስ ቆጥሬያቸው አላውቅም።

ሙስዐብ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። እግሮቹ አይታዘዙትም፤ ምላሱ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። የመጣ ቀን እኔ ጋ ስፖርት የሚሠሩት ልጆች ከነዊልቸሩ አንጠልጥለው አስገቡት። እንግዳ እንዲህ ነው መቀበል ብዬ ኮራሁ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግን ደረጃው ሥር ሲደርስ ፍሬኑን ያዘና "ዛሬ አታንሱኝ" አለ።

"ምን አጠፋን?" አልኩት።

"ወላሂ ምንም አላጠፋችሁም፣ ጋሽ ስዩም። ግን እነሱ እኔን ሲያነሱ ስፖርት የሠራው ማነው? እነሱ ናቸው! በራሴ ካልገባሁ ይቅርብኝ።" ዞሮ ሄደ።

ተናደድኩ። ደግ ሠርቶ መወቀስ ያንገበግባል። ልጁ ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። በሳምንቱ ሲሚንቶ አስመጥቼ በገዛ እጄ መወጣጫ ሠራሁ፤ ቦታ እንዳይፈጅብኝም አሳጠርኩት። ሲደርቅ ሙስዐብን ጠራሁት። መወጣጫውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ በክንዶቹ ራሱን አንስቶ ደጅ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ተዛወረና ዊልቸሩን ገፋ አደረገልኝ።

"እስቲ እርስዎ ይውጡበት።"

መቶ ኪሎ የማነሳ ሰውዬ ለዚች ልፈራ? ተቀምጬ ጎማውን ገፋሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ እጄ ከዳኝ፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ደጄ ላይ ማንጎ በሚሸጡት በእመት አስካለ ክምር ላይ አረፍኩ።

"ጎሽ የኔ ስፖርተኛ!" አሉ እመት አስካለ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው።

ማንጎውን ለቃቀምኩና መወጣጫውን ላፈርስ መዶሻ አነሳሁ።

ሁለተኛውን የሠራሁት ሙስዐብ እያስለካኝ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ረዥምና ዝግ ብሎ የሚወጣ። ባለቀ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሙስዐብ ጎማውን ጨብጦ ጀመረ። መሃል ላይ ሲዘገይ ከየአቅጣጫው እጅ ተዘረጋ።

"እጃችሁን ሰብስቡ!" ብዬ ጮኽኩ። የኔም እጅ ተዘርግቶ ኖሯል፤ ኪሴ ከተትኩት።

ላቡ እየተንጠፈጠፈ ደፉን አለፈ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

"አልሐምዱሊላህ! ማሟሟቂያውን ጨርሻለሁ፤ ብረቱ የታለ?"

ብረቱ የሱ እጅ የማይደርስበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። እጃችሁን ሰብስቡ ብያለሁና ማንም ንቅንቅ አላለም። ሙስዐብ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

"ገባኝ፣ ገባኝ" አልኩና መዶሻዬን ፍለጋ ወጣሁ።