የእሑዷ እናት

ዓባይነሽ የሞተች ሰሞን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ ስልኳ ጠራ። ነቀምቴ፣ በባሏ በዋቅወያ ግቢ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ጭጭ አለ። የምትደውለው ከፖላንድ ሊሊሴ እንደሆነች ማንም አላጣውም፤ እሑድ ነበር፣ ሊሊሴ ደግሞ እሑድን ሳትደውል አታልፍም። የቤቱ የበኩር ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ለአንድ ዓመት የልውውጥ ትምህርት ሲልካት ምእመኑ ሁሉ እጁን ጭኖ ጸልዮላት ነው የሄደችው። እናቷን ደም ግፊት ጥሏት በማግስቱ እንዳረፈች ግን ማንም አልነገራትም። መርዶ በስልክ አይነገርማ! ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ይይዛታል?

ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። ዋቅወያ ከጠረጴዛው አንስቶ ሳይከፍተው መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ ታናሽየዋ ሎሚ አነሳችውና በለቅሶ በሻከረ ጉሮሮዋ «ሃሎ» አለች።

«አዮ! ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለች ሊሊሴ ከወዲያ። አዮ የሚሉት እናታቸውን ነው፤ አባታቸውን ደግሞ አቦ።

ሎሚ ደንግጣ ቀና አለች። የእናቷ ታላቅ ወንድም ኦቦ ሞረዳ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያከብራቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ «በይ፣ በይ» አሏት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ያን ቀን የተደረገው ግን ከዚያም ይብሳል። የሞተች እናት ለልጇ ስልክ እንድትመልስ ተፈረደ።

«ጉንፋን ነው፣ ኢንተላ ኮ» አለች ሎሚ። ልጄ ማለቷ ነው፤ እናቷ ሊሊሴን በሌላ ስም ስትጠራት ተሰምታ አታውቅም።

የእናትና የልጅ ድምፅ ድሮም በስልክ አይለይም ነበር። ፊት ለፊት እየተያዩ እንዳያወሩ ደግሞ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። አገር የሚረግመው የኔትወርክ ችግር ለእነዚህ ሰዎች በረከት ሆነላቸው። «ፈተናዋን እስክትጨርስ ብቻ ነው» አሉ ኦቦ ሞረዳ። ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ጎጃሜዋ ጸሐይወርቅ ብቻ ወደ ሎሚ እያመለከተች፣ «ኧረ በማርያም! ይቺስ ልጅ እናቷን መቼ ልታለቅስ ነው?» ብላ ጮኸች። የሰማት የለም።

እውነቷን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያለቀሰ ጉሮሮ እሑድ እናት መሆን አይችልም። ስለዚህ ሎሚ ሆድ ይፍጀው ብላ ለቅሶዋን ዋጠችው። ሰው ሲያለቅስ ጓዳ ትገባለች። እሑድ ሲመጣ የእናቷን ጋቢ ደርባ፣ የእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኩን ትጠብቃለች። ሊሊሴ «ሎሚስ?» ስትላት፣ «እሷማ ሰንፋለች፤ ወጥታ ቀረች» ብላ ራሷን ታማለች፤ ከወዲያ ሳቅ ይሰማል። ከመዝጋቷ በፊት ደግሞ እናቷ ሁልጊዜ የምትጸልየውን ትጸልያለች፤ «ጌታ ሆይ፣ ልጄ የምትረግጠውን መሬት አንተ ቀድመህ እርገጥልኝ።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከወንበሩ ሳትነሳ ብዙ ትቆያለች።

አንድ እሑድ ሊሊሴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች።

«አዮ፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ለአቦ እንዳትነግሪው። ለሎሚም እንዳትነግሪያት፤ እሷ በእኔ ነው የምትኮራው።»

«አልነግርም» አለች ሎሚ።

«ክፍል መግባት ካቆምኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ሰሞን በቡድን ሥራ ላይ አንድ ነገር ስናገር እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ወዲህ አፌን አልከፈትኩም። የጋራው ኩሽና ውስጥ ሲሳሳቁ ከሰማሁ፣ እስኪወጡ እየጠበቅኩ ሳልበላ እተኛለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ መጋረጃውን ስትከፍት እኔ እዘጋለሁ። ፈተና ፈተና ትሉኛላችሁ፤ ምን ፈተና አለኝ፣ አዮ? በመስኮቱ ቁልቁል አያለሁ፤ ፎቁ ረጅም ነው። እሑድ ያንቺን ድምፅ ባልሰማ ኖሮ እስካሁን…»

አልጨረሰችውም። ሎሚ በሆዷ ጨረሰችላት።

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ሙት ያስነሳው ለፈተና ነው፤ ፈተናው ግን የለም። ሊሊሴን ከመስኮቱ የያዛት አንድ ድምፅ ነው፤ እሱም የሞተ ሰው ድምፅ። ሎሚ እውነቱን ብትነግራት እህቷን በገዛ እጇ ልትገፋት ነው። ዝም ብትል ደግሞ አንድ እሑድ ሳቋ ያመልጣታል፣ ወይም አንድ የማያውቅ ዘመድ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። ያን ሳምንት እህል ውሃ አላሰኛትም።

«አቦ፣ ሊሊሴ ትምጣ» አለችው አባቷን።

«ፈተናዋ ደርሶ?» አለ ዋቅወያ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ድምፁ ተሰብሯል። «ጨርሳ ትምጣ። እናትሽም ብትኖር ይህንኑ ነበር የምትለው።»

ሎሚ ሊሊሴ ያለቻትን ልትዘረግፍለት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ቃል ገብታለች፤ ያውም በእናቷ አፍ። እናቷ ብትኖር ምን እንደምትል ግን በዚያ ቤት ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ሲጠራ ጋቢውን እንኳ አልደረበችም።

«ኢንተላ ኮ፣ ነይ።»

«ሳልፈተን?»

«ሳትፈተኚ። ትምህርቱ ገደል ይግባ። ነይልኝ።»

«ሰው ምን ይላል፣ አዮ? ያ ሁሉ ሰው ጸልዮልኝ…»

«ሰው መቼም ከማለት አይቦዝንም። አንቺ ነይ።»

ሊሊሴ እንደ ሕፃን፣ «አንቺ ትቀበዪኛለሽ? እንደዚያን ጊዜው፣ ሲሬ ድረስ?» አለች። ቪዛ ጠይቃ ከአዲስ አበባ ስትመለስ እናቷ ነቀምቴ እስክትደርስ መጠበቅ አቅቷት መንገድ ላይ ወዳለችው ሲሬ ከተማ ሄዳ ነበር የተቀበለቻት።

«ሲሬ ድረስ» አለች ሎሚ። ይህን ስትል እናቷን ሁለተኛ የቀበረች ያህል ተሰማት።

ሊሊሴ የመመለሻ ትኬቷን ቀን አስቀድማ እንደምትመጣ ሲሰማ ቤቱ ታመሰ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ኦቦ ሞረዳ ቤት አድራ ንጋት ላይ በወጉ ትረዳ ተባለ። ሎሚ ለማንም ሳትተነፍስ ጥቁር ልብሷን አውልቃ፣ የጸሐይወርቅን ቢጫ ሻሽ ተውሳ፣ በማለዳው ሚኒባስ ሲሬ ወረደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር፤ «ሊሊሴ፣ እህቴ፣ አዮ በየካቲት አርፋለች፤ እኔ አለሁልሽ።» ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አትጨምርም።

አውቶቡሱ ከሰዓት ደረሰ። ሊሊሴ ከስታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ እየሳቀች ወረደች። እህቷን አይታ እጇን አወዛወዘች፤ ዓይኗ ግን ወዲያው በእሷ ትከሻ ላይ አልፎ ከኋላ ሌላ ሰው ፈለገ። በቆሎ እሸት ሻጮቹን አየች፣ ባጃጆቹን አየች፣ እንደገና ወደ ሎሚ ተመለሰች።

«አዮስ?»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ያ ሁሉ የተጠናው ነገር ከሎሚ አእምሮ ጠፋ። አፏ የለመደውን አወጣ፤ በዚያው ዝግ ባለ፣ በዚያው ትንሽ ሻከር ባለ የእሑድ ድምፅ፣

«ኢንተላ ኮ» አለች።

ሊሊሴ የእናቷን ድምፅ ከታናሽ እህቷ አፍ ሲወጣ አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እሑድ እሑድ…»

«እኔ ነበርኩ።»

«ነይ ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ። አዮ በየካቲት…»

ሊሊሴ በሁለት እጇ ደረቷን መታቻት፤ ደጋገመች። ሎሚ ቆማ ተመታች። ከዚያ የእህቷ ጉልበት ሲታጠፍ ቀድማ ያዘቻት፤ ሁለቱም አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። እሸት ሻጮቹ የማን ሞት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ዕቃቸውን ጥለው መጡ። አንዷ ውሃ አመጣች፣ አንዷ ሊሊሴን ከወገቧ ደግፋ አብራ አለቀሰች። የሚያለቅስ ሰው ብቻውን አይተውም።

ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ሚኒባስ የመጨረሻ ወንበር ላይ ሊሊሴ ራሷን እህቷ ጭን ላይ አሳረፈች። ሎሚ ትረግመኛለች ብላ ጠበቀች።

«ያንን ጸሎት ጸልዪልኝ» አለች ሊሊሴ። «በእሷ ድምፅ። አንዴ ብቻ፣ ሎሚ።»

ሎሚ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታ ሆይ፣ ልጄ የምትረግጠውን…» ብላ ጀመረች። ከአፏ የወጣው ግን ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የራሷ ድምፅ ነበር። ደግማ ሞከረች። ዝግ አደረገችው፣ አሻከረችው፤ የለም። የእናቷ ድምፅ እምቢ አላት። ያኔ በእነዚያ ወራት ሁሉ የዋጠችው ለቅሶ አንድ ላይ ገነፈለ፤ ሾፌሩ እስኪዞር፣ ተሳፋሪው «ኧረ አይዞሽ» እስኪላት ድረስ፣ «አዮ! አዮ!» እያለች ጮኸች።

ሊሊሴ ቀና ብላ አቀፈቻት።

«አሁን ሞተች» አለች።